የቅንጭብ አጥር

እኛ ባደግንበት ዘመን ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በግንብ የታጠረ ግቢ ወይ የኤምባሲ ነው፣ ወይ የባለጸጋ። ሌላው ሰው ቅንጭብ ይተክላል። ጎረቤት ቆርጦ የሰጠህን ቅርንጫፍ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ትጥላታለህ፣ ቁስሏ ይደርቃል፣ ዝናብ ሲጀምር መሬት ላይ ትሰካታለህ፤ አለቀ። ከብት አይበላውም፤ ሌባም ወተቱን ይፈራል። በቅንጭቡ መሀል እዚህም እዚያም ቁልቋል እንደ መቅረዝ ክንዶቹን ወደ ላይ ሰድሮ ይቆማል። ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ በወጣን ቁጥር ግን እየሳሳ ይሄዳል፤ ብርዱ አይስማማውም።

«ዓይንህን ያጠፋሃል!» ይሉናል እናቶቻችን፤ እውነታቸውን ነበር። እኛ ግን ቁልቋሉ ላይ በምላጭ ስማችንን እንጽፋለን። ገና ስትጭረው ነጩ ወተት ይንዠቀዠቃል፤ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ዓመት ሲያልፈው ፊደሉ ግራጫ ጠባሳ ሆኖ ከግንዱ ጋር እየወፈረ ይነበባል። የሰፈሩ ፍቅር በሙሉ እዚያ ላይ ተመዝግቦ ነበር፤ የተሰረዘውም ጭምር። እጁ ላይ ኪንታሮት የወጣበት ልጅ ከዚያው ወተት ጠብታ ያስነካዋል፤ ጭርት የያዘው ወደ ብሳና ይሄዳል። የምጣድ ማሰሻው ጉሎም ሆነ ብሳናው የቅንጭብ ዘመዶች መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ወርዶ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ቁልቋል አየና በጎራዴው ሁለት ቅርንጫፍ መታ። የፈሰሰው ወተት ብዛት እንዳስደነቀው፣ ጎራዴውም ላይ የቀረው እድፍ በእጥበት እንዳልለቀቀ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ኢዩፎርቢያ አቢሲኒካ» አለው። የኛ አጥር የአገር ስም መሸከሙን ማንም አልነገረንም፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ስለ ባሕር ዛፍ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ ከተማው በማገዶ እጦት ይቸገር ነበር፤ በዚያው በ1880ዎቹ የአውስትራሊያው ዛፍ ደረሰለት። ውለታውን አልክድም። ግን እንግዳው ተራራውን ሲወርስ ባላገሩ አጥር ጥግ ቀረ።

ከዚያም ጥጉን ተነጠቀ። መጀመሪያ ቆርቆሮ መጣ፣ ቀጥሎ ብሎኬት፣ በብሎኬቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ። መንገዱ ሲሰፋ ደግሞ ስማችን ያለበት ቁልቋል ከነጠባሳው ተጫነ። ማንም አላዘነም፤ እኔም ያኔ «ሰፈራችን ዘመነ» ካሉት አንዱ ነበርኩ።

ዛሬ ቅንጭብ በሴራሚክ ማሰሮ ተቀምጦ ይሸጣል። ቀበና መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ወጣት «ጋሼ፣ ይሄ ከውጭ የመጣ ዘር ነው፤ ለሳሎን ነው» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ በአባቴ አጥር ርዝመት አባዛሁት፤ ለካ ባለሀብቶች ነበርን! ልጁን አልተከራከርኩትም፤ እሱም እንጀራው ነው።

ሰው ያለውን የሚያከብርበት አገርም አለ። ከካናሪ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ፉዌርቴቬንቱራ፣ በሐንዲያ ልሳነ ምድር ብቻ የሚበቅለውን አጭር፣ እሾሃም የቁልቋል ዘመድ አርማዋ አድርጋዋለች፤ በሕግም ይጠበቃል። ወደኛ ቀረብ ስንል በሶኮትራ አጠገብ ያለችው አብድ አል ኩሪ ሌላ የትም የማይገኝ ግራጫ ቁልቋል አላት። እነሱ ጥቂት ስላላቸው ይቆጥሩታል፤ የኛን የሚቆጥር አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ከዘመድ ግቢ አንድ የቅንጭብ ቅርንጫፍ ለምኜ፣ ቁስሏን አድርቄ ከብሎኬቱ ውጭ በር ላይ ሰካሁ። ይዛለች። ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ አየቻትና ደነገጠች።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ውድ ነው! ደጅ ትተኸው ይሰረቃል፤ ወደ ውስጥ አስገባው።»