«ጭንቅላቱ የለኝም» ላለኝ ልጅ

ዛሬ የእድር ቦት የሠራ አንድ ልጅ ደወለልኝ። የኮዲንግ ኢንተርቪው አላለፈም። «እኔ እኮ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም፣ ጭንቅላቱ የለኝም» አለኝ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር፤ ከኔትወርኩ አይመስለኝም።

አንጀቴን ነው የበላው። ይሄ ልጅ እኮ የእናቱን እድር መዋጮ የሚመዘግበው ቦት ጳጉሜ ላይ ቀጥ ሲልበት፣ የተጠቀመው ፋንክሽን ከ12 ወር በላይ እንደማያውቅ ራሱ ደረሰበት። 13ኛውን ወር ማንም ሳያግዘው አስገባ፤ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ስድስተኛ ቀን እንኳን አልረሳም። ጭንቅላት ታዲያ ሌላ ምንድን ነው?

«ፕሮግራመሯ ቤተልሔም ደሴ ኮድ በልጅነቷ ነው የጀመረችው» ይለኛል። የእሷን ታሪክ እንደ ተአምር እናወራለን፤ ሐረር አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ እንደነበራቸው ግን እንዘለዋለን። ጎበዝ ናት፣ ክርክር የለውም። ግን ኮምፒውተር አጠገብ ነው ያደገችው። የኔው ልጅ ኪቦርድ የነካው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው፣ እሱም ወረፋ ጠብቆ።

ወረፋውን ካነሳን አይቀር፣ ቁጭ ብሎ ስለሚሠራበት ቦታም ልናገር፤ የቦሌ መድኃኔዓለም ካፌዎች፣ ያንን «ላፕቶፕ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለምን ትለጥፋላችሁ? ሰፈር መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው እናንተ ጋ ነው። ደላሎች በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን መሬት ሲሸጡ ዝም ትላላችሁ፤ ተማሪ ላፕቶፕ ሲከፍት አስተናጋጇ ትላካለች። እሷን አልወቅስም፣ ታዝዛ ነው። ወንበሩ ገቢ እንዲያስገባ መፈለጋችሁም ይገባኛል። የሰዓት ዋጋ አውጡለት፣ እንከፍላለን! ማባረሩ ግን ያማል።

ለማንኛውም፣ ወደ ልጁ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረውን፣ ኤቱኤስቪ (A2SV) የሚባለውን የኮዲንግ ሥልጠና እዩ። ከኛው ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ልጆችን ጎግል ድረስ አስገብቷል። የሚሠሩት ምንድን ነው? አብረው ቁጭ ብለው የአልጎሪዝም ጥያቄ ይፈታሉ፣ የገባው ላልገባው ያስረዳል፣ ኢንተርቪው ይለማመዳሉ፣ ነገም ይደግሙታል። ብቻውን የሚታገል ልጅ ግን ኢረር ባየ ቁጥር ጥፋቱን ከራሱ አፈጣጠር ይቆጥረዋል። ጎበዝ የሚለውን ሰው እዚያችው የኮድ መስመር ላይ ሲያልበው አይቶ አያውቅማ!

ገርጂ፣ መገናኛ፣ ሲኤምሲ ያላችሁ ዴቨሎፐሮች፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዚህ ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ኮድ የሚያነብ ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ላፕቶፕ የማይከለክል ቤት እኔ አፈላልጋለሁ።