በአቢያታ ዳር በብስክሌት

በአዳማ ከተማ ልጅን ብስክሌት ማስተማር እንዴት ያለ ጭንቅ እንደ ሆነ በዚያ የኖረ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። በቀኝ ባጃጅ፣ በግራ የፈረስ ጋሪ፣ ከኋላ ደግሞ ጭነቱን ይዞ የሚጣደፍ ከባድ መኪና ይመጣል። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። በከተማይቱ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ በ2004 ዓ.ም 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚሰጡ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለምና፤ ያ ነፋስ የአሥር ዓመት ልጅን ከነብስክሌቷ ወደ መንገዱ መካከል ሲገፋት ማየት የአባትን ልብ ያርዳል። የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድም ለብስክሌት የተፈቀደ አይደለም።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ሆኖ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሰለፈች ጊዜ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌት ነጂዎችም ነበሩ። የጐደለው መንገዱ ነው። በ2011 ዓ.ም በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጐዳናው ለመኪና ተዘግቶ ልጆች በአስፋልቱ ላይ ሲፈነድቁ ባየን ጊዜ እጅግ ደስ አለን፤ ነገር ግን እሑዱ አልቆ መንገዱ ሲከፈት ደስታውም አብሮ ያልቃል። ስለዚህ መኪና ወደሌለበት ስፍራ ራሳችን ለመሄድ ቈረጥን፤ ባለፈው ኅዳር በአንድ ቅዳሜ ሦስት ብስክሌቶቻችንን በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭነን፣ ከባለቤታችንና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ወደ ስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ተነሣን።

ሞጆን አልፈን፣ በ1952 ዓ.ም የተመረቀው ግድብ የፈጠረውን የቆቃን ሐይቅ በስተ ግራ ትተን፣ በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዛን። ስለዚህ ሽንኩርት ወደ ኋላ የምንለው አለን። አዳራችን ቀድሞ ዝዋይ ስትባል በነበረችው በባቱ ሆነ።

በማግሥቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ፊላውና ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በግራና በቀኝ ቆሟል፤ መንገዱ አፈር ነው፤ የሚሰማውም የብስክሌቱ ካቴናና የወፎች ድምፅ ብቻ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ስለዚህም ዳርቻው ሁሉ ረግረግ ነው። በጭጋጉ ውስጥ ከአምስቱ ደሴቶች አንዳንዶቹ ይታዩ ነበር፤ ከእነዚህም ትልቁ፣ የዛይ ሕዝብ የሚኖርበትና የደብረ ጽዮን ገዳም ያለበት ቱሉ ጉዶ ነው። ልጆቹ ግን ደሴቱን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም። ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲጥሉ፣ አባ ኮዳዎች እንደ ሸንጎ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ይጠብቁ ነበርና፣ ትንሹ ልጃችን ብስክሌቱን ጥሎ እነርሱን ሲያይ ቈየ። ከአጠገባቸውም ነጫጭ ፔሊካኖች ነበሩ። አንድ አጥማጅ ባለቤታችንን «እትዬ፣ ልጆቹን በዚያ ጥርጊያ አይስደዷቸው፤ ማታ ማታ ጉማሬ የሚወጣበት ነው» ስላላት፣ ምስጋናችንን አቅርበን ተመለስን።

ከባቱ ወደ ደቡብ፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ1960ዎቹ የተቋቋመው የአቢያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ይባላል፤ ከግማሹ የሚበልጠውም ለውሃ የተቈጠረ ነው። በበሩ አጠገብ በታጠረው ስፍራ ሰጎንና የሜዳ ፍየል እየታየ ጉዞ ይጀመራል። እኛን የሚመራን ጠባቂ በእግር ሊሄድ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ባለቤታችን ብስክሌቷን በትሕትና ሰጠችው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በልጅነቴ ሻሸመኔ ተከራይቼ ተምሬአለሁ» ብሎ ጠመንጃውን በጀርባው አዝሎ ሲወጣበት፣ ከሁላችንም የተሻለ ነጂ ሆኖ ተገኘ። ሦስት ብስክሌት ለአምስት ሰው ስለ ሆነ በየተራ እየነዳን፣ ተራው ያልደረሰው በእግሩ እየተከተለ ሄድን።

መንገዱ በግራርና በበደኖ ዛፎች መካከል ያልፋል። ልጃችን እጇን ከፍሬኑ ላይ አንሥታ ስትነዳ ያየናት ያን ቀን ነው፤ በአዳማ ይህን ብታደርግ ኖሮ በቁጣ እንጮኽባት ነበር። ነገር ግን የግራርን እሾህ የማያውቅ ሰው ወደዚህ አይምጣ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ካላማዳሪ ተበሳ። በዚያ ጎሚስታ የለምና፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ ጎማ ያልያዘ ቤተ ሰብ ብስክሌቱን ተሸክሞ ይመለሳል፤ ውሃም ለእያንዳንዱ ሰው ከሁለት ሊትር በታች አይበቃም። ዛፉም ቢሆን እንደ ቀድሞው የጠና ደን አይደለም። በብዙ ስፍራ ጉቶውና የከሰል ማክሰያው ጥቁር አመድ ይታያል፤ በዋናው መንገድ ዳር በጆንያ ቆሞ የሚሸጠው ከሰል ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ብዙ መጠየቅ አያሻም። በከተማ ቡናችንን የምናፈላው በምን እንደ ሆነ ስለምናውቅ በዚህ ነገር ሌላውን ለመንቀፍ ድፍረቱ አልነበረንም።

ከኮረብታው ጫፍ ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ጥቁር ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ዓሣውም ጥቂት ነው። አቢያታ ግን ጥልቀት የሌለው ነው። ፔሊካኖቹ በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው፣ ምግባቸውን ከአቢያታ ያመጡ ነበር፤ አቢያታ እየጨወየ ዓሣው ስላለቀ ግን ርቀው ወደ ሌሎች ሐይቆች መሄድ ግድ ሆነባቸው። ጠዋት በባቱ ያየናቸውን አስታውሰን ዝም አልን።

ወደ አቢያታ ዳር ስንወርድ መንገዱ ነጭ ሜዳ ሆነ። ልጆቹ ለመሽቀዳደም ሲነሡ ጠባቂው እጁን ዘርግቶ «ቁሙ! ከላይ ደረቅ ነው፣ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ መኪና የዋጠ መሬት ነው» አለ። ብስክሌቶቹን ከግራሩ ጋር አስደግፈን በእርሱ ኮቴ ላይ እየረገጥን ሄድን። ውሃው ሩቅ ነበር፤ በላዩም ፍላሚንጎዎች እንደ ቀጭን ሐምራዊ መስመር ይታዩ ነበር።

«አባባ፣ ውሃው የት ሄደ?» አለች ልጃችን።

«እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ልጄ፣ አሁን የቆምሽበት ውሃ ነበር» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዝዋይ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ፣ የላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ ወደ አቢያታ ይወርዳል፤ አቢያታ ግን መውጫ የለውም፤ የገባውን ለፀሐይ ይሰጣል፣ ጨዉን ያስቀራል። ከላይ በመቂና በባቱ ዙሪያ ለአትክልትና ለአበባ እርሻ ውሃው በፓምፕ ሲሳብ ወደ ታች የሚወርደው ያንሳል። ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ውሃ እየቀዳ በገንዳ ያተን ጀመር። እንግዲህ ቅድም ወደ ኋላ ያቈየነው ሽንኩርት ይህ ነው፤ በምሳ ሰዓት ከግራር ጥላ ሥር ከቲማቲሙ ጋር ስንበላው፣ የጠጣው ውሃ ወደዚህ ሊወርድ የነበረ ውሃ እንደ ሆነ ለልጆቹ ነገርናቸው። ትንሹ ልጃችን የያዘውን ቁራሽ እያየ ጥቂት አሰበና በላው።

ልጃችን ግን ጠባቂውን አልለቀቀችውም። «ተመልሶ ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። «ዝናቡ ባማረ ዓመት ትንሽ ከፍ ይላል» አላት፤ ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ስንመለስ ሦስተኛው ካላማዳሪ ተበሳ፤ ማስቲሹም አልቆ ነበር። ከብቶች ከግጦሽ ወደ ቤት ሲገቡ አቧራው በፀሐዩ ብርሃን ወርቅ መስሎ ነበር፤ ልጆቹና ጠባቂው በሁለቱ ብስክሌቶች እየተፈራረቁ ከፊት ቀደሙ፤ እኛና ባለቤታችን የተበሳውን እየገፋን፣ ከላሞቹ ኋላ እስከ በሩ ድረስ በእግራችን ተጓዝን።