መስታወት አያዳላም

ወንዝ ወርዶ ውሃ የቀዳ ሰው መልኩን በውሃው ላይ አይቷል። ውሃው ሲረጋ መልክ ይታያል፤ ሲናወጥ ይጠፋል። በውሃ ወይም በመስታወት ላይ እንዲህ ተመልሶ የሚታይ መልክ ነጸብራቅ ይባላል።

እኛ ፊልም በሚጎርስ ካሜራ የከተማ መንገድ ፎቶ የምናነሳ ሰዎች ነን። ነጸብራቅ ማንሳት እንወዳለን። አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው 36 ፎቶ ነው። ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ ምን እንዳነሳን አናይም። ስለዚህ ሳያስቡ ማንሳት አያዋጣም።

ከሱቅ መስታወት ፊት እንቆማለን። በውስጥ በኩል ጫማና ልብስ ተደርድሯል። በዚያው መስታወት ላይ ደግሞ ከኋላችን ያለው መንገድ ይታያል። አውቶቡሱ አለ፤ ሸክም የተሸከመው ሰው አለ፤ ሰማዩም አለ። የሱቁ ውስጥ ጨለም ሲል፣ ውጭው ሲበራ ነጸብራቁ ይጎላል።

ርቀቱስ እንዴት ይለካል? መልካችን መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከመስታወቱ 2 ሜትር ርቀን ብንቆም፣ መልካችን ከመስታወቱ ወዲያ 2 ሜትር ገባ ብሎ ይታያል። ሁለቱ ሲደመር 4 ሜትር ይሆናል። ካሜራውን በ4 ሜትር እናስተካክላለን። በ2 ሜትር ብናደርገው የመስታወቱ አቧራ ይጠራል፤ ፊታችን ግን ይደበዝዛል።

መንገድ ላይ ሰው ስናነሳ፣ «እናንተ እነማን ናችሁ? ለምን ታነሱናላችሁ?» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ሌላውን ያሳያል፤ ራሱን ግን ይደብቃል። መስታወት አያዳላም። አንሺውንም ተነሺውንም እኩል ያሳያል።

በአሜሪካ አገር ቪቪያን ማየር የምትባል ሴት ነበረች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1926 ኒውዮርክ ተወለደች። ብዙ ዘመኗን በቺካጎ አካባቢ በሰው ቤት ሞግዚት ሆና ኖረች። ልጆቹን ይዛም ሆነ ብቻዋን፣ ሮላይፍሌክስ የሚባል ካሜራ ይዛ መንገድ ለመንገድ ትዞር ነበር። ይህ ካሜራ ደረት አካባቢ ተይዞ ከላይ ወደ ታች እየታየ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ የያዘውን ሰው ፊት አይሸፍንም።

ቪቪያን በየሱቁ መስታወት ውስጥ ራሷን ደጋግማ አነሳች። ከ100 ሺህ በላይ ፎቶ አነሳች፤ ለሰው ያሳየችው ግን ጥቂት ነው። ብዙ ፊልም ሳይታጠብ ተቀመጠ። በ2007 የዕቃ ማስቀመጫውን ኪራይ ባለመክፈሏ ንብረቷ በጨረታ ተሸጠ። በ2009 አረፈች። ስሟ በዓለም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ፎቶዎቿን የሚያይ ሰው የሌሎችን ኑሮ ብቻ አይደለም የሚያየው። ኮት የለበሰች፣ ቀጥ ብላ የቆመች ሴትም ያያል። ያችን ሴት ያሳየን ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ናት።

ትናንት በአውራ ጣቱ ይፈርም የነበረ፣ ዛሬ ስሙን በእጁ የሚጽፍ ሰው ይህን ነገር ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። እኛም ሌላውን ስናነሳ አስቀድመን እንጠይቅ። ፊታችንንም አንደብቅ። ሌላውን የሚያሳይ ራሱም ይታይ።