ማን ማንን ይጋልባል?



በእንዲህ ዓይነቱ ዓምድ ስለ ሶብር፣ ስለ ወላጅ ሐቅ፣ ስለ ሞትና ስለ ቀብር ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ መኪና ላወጋችሁ ነው። «የመድረሳ ኡስታዝን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁርኣንን አስተውሎ የሚያነብ ሰው የመጓጓዣ ጉዳይ እንዲሁ የሚታለፍ እንዳልሆነ ያውቃል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ነሕል ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ልንጓጓዝባቸውና ጌጥ ሊሆኑን እንደፈጠረልን ከነገረን በኋላ፣ እኛ የማናውቀውንም እንደሚፈጥር ያስከትላል። ባቡሩም፣ መኪናውም፣ አውሮፕላኑም ከዚህ ከማናውቀው ውስጥ እንደሚገቡ የዘመናችን ሙፈሲሮች ጽፈዋል። በሱረቱ ዙኽሩፍ ደግሞ ስንሳፈር የምንለው ዱዓ ተነግሮናል። የዱዓው ፍሬ ነገር፣ መጓጓዣውን ለእኛ የገራው አላህ እንጂ የእኛ ጉልበት አለመሆኑ፣ መጨረሻችንም ወደ እርሱ መመለስ መሆኑ ነው።

መግራት የሚለውን ቃል ያዙልኝ። መጓጓዣ ለሰው የተገራ ኒዕማ ነው። ታዲያ ነገሩ ተገላብጦ ሰው ለመጓጓዣው የተገራ ቢሆንስ? በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

በዕድሜዬ ሦስት መኪና ነድቻለሁ። የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስ ነበረች። በ2001 ዓ.ም. የዕቁብ ገንዘቤን ከአንድ ወይፈን ሽያጭ ጋር ደምሬ በ38 ሺህ ብር ገዛኋት። በዚያን ጊዜ ጠዋት ደሴ፣ ከዙህር በኋላ ኮምቦልቻ አስተምር ነበር። መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነገር ግን ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ ቀን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ማታ ያንኑ መውጣት ግድ ነው። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው። የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሳይሆን ነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ነገር አታውቅም። ሐረጎ ላይ ስንቱ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ውሃ ሲለምን፣ እሷ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመች ታልፋለች።

መሣሪያዬ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ የካንዴላ መፍቻና አንድ ትርፍ ቺንጋ ነበር። ካንዴላዎቿ አራት ናቸው፤ ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መመለስ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ካርቡራቶር ማስተካከል ያስተማረኝ የሰፈራችን መካኒክ አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰ፣ እጁ ግን ዓሊም የሆነ ሰው ነበር። ባትሪዋ የደከመ ቀን የቂርኣት ልጆች ይገፏትና በስፒንታ ትነሳለች። ልጆቹ ስም አውጥተውላት ነበር፤ «ዑፈይር» ይሏታል። ስሙን ያገኙት ከሐዲስ ትምህርታቸው ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ ተፈናጥጠው የሄዱባት አህያ ስሟ ዑፈይር ነበር። አላህ በባሮቹ ላይ ያለው ሐቅ ምን እንደሆነ ሙዓዝ የተማሩት በዚያች አህያ ጀርባ ላይ ነው። አጀብ አይደለም? ያ ሁሉ ዒልም የተላለፈበት ወንበር የአህያ ጀርባ ነበር!

ውድ አንባቢያን፣ ትንሽ መኪና በዓለም ላይ የተስፋፋችው ሰው ትንሽ ነገር ስለወደደ ብቻ አይደለም፤ ችግር አስተምሮት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ደህይታ ነበር። የፈረንሳዩ ሲትሮይን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣትን «ዶ ሽቮ» የተባለች መኪና መሐንዲሶቹ ሲያስቧት፣ ገበሬ እንቁላል ጭኖ በታረሰ ማሳ ላይ ሲሄድ እንቁላሉ እንዳይሰበር ይሁን ብለው ነበር። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1955 ፊያት 600ን አወጡ። ትልልቆቻችን «ሰይቼንቶ» እያሉ የሚያስታውሷት እሷን ነው፤ ቃሉም በጣሊያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው። ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በስዊዝ ቦይ ጦርነት ምክንያት ነዳጅ ሲወደድ፣ እንግሊዞች ከሦስት ዓመት በኋላ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ብቻ የሆነችውን «ሚኒ»ን ሠሩ። ቮልስም የተጸነሰችው በናዚዎች ዘመን ቢሆንም፣ ሕዝብ የነዳት ከጦርነቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው፣ የሠሯቸው ሰዎች «ይህ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ምን ያህል ነው?» ብለው መጀመራቸው ነው። «ጎረቤቱ ምን ይለዋል?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ ነው።

ልጆቼ አራት ሲሆኑ ቮልሷ ጠበበችን። በ2008 ዓ.ም. ሸጥኳትና ጂዳ ከሚሠራው ወንድሜ ጋር በሽርካ አንዲት ኮሮላ ዲኤክስ ገዛን። እሷም በካርቡራቶር የምትሠራ፣ የማይፈታት መካኒክ፣ መለዋወጫዋ የማይገኝበት ከተማ የሌለ ደግ መኪና ነበረች። ደግነቷ የታየኝ ግን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ ከተማዋ ከመያዟ ሦስት ቀን ቀደም ብለን ወጣን። ለአምስት ሰው በተሠራች መኪና ዘጠኝ ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አራቱ ልጆች፣ እናቴ፣ እንዲሁም ክርስቲያን ጎረቤታችን እማማና የልጅ ልጃቸው። ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽና አንድ ጆንያ በሶ አለ። ያለን ቤንዚን 25 ሊትር ብቻ ነበር፤ እስከ ደብረ ብርሃን ደግሞ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቴ ያሲን ትቀራለች፤ እማማ በበኩላቸው ይጸልያሉ። የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ ማንም አልተነፈሰም። ማታ ደብረ ብርሃን ስንገባ የነዳጅ መለኪያው ከቀይዋ መስመር በታች ነበር። አልሐምዱሊላህ!

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ፣ ትርፍ መጓጓዣ ያለው ለሌለው እንዲያውለው ማዘዛቸውን ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አልኹድሪ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ወደ በድር ሲወጡም ለሦስት ሰው አንድ ግመል ነበር የሚደርሰው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ ዐልይና አቡ ሉባባ (ረ.ዐ.) በተራ ይሳፈሩ ነበር፤ ሁለቱ ሶሓቦች ተራቸውን ሊለቁላቸው ቢለምኑ እርሳቸው እምቢ አሉ። እንግዲህ ትርፍ ማለት ምንድን ነው? ትርፍ የሚለካው በመኪናው ስፋት ቢሆን ኖሮ የእኛ ዲኤክስ ምንም ትርፍ አልነበራትም።

ሰላም ሲሆን ተመለስን። በ2015 ዓ.ም. ወንድሜ ለዕረፍት መጥቶ ዲኤክሷን ሸጠና፣ ያጠራቀመውን ጨምሮ ከፍ ያለ፣ ባለ ሰባት መቀመጫ ዘመናዊ መኪና ገዛ። እሱ ሲመለስ መኪናው በአማና እኔ እጅ ቀረ። ምቾቱን አልክድም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ወንበሩ ተስማምቷት ነበር። ይሁንና አንድ ቀን ከመሪው ፊት አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ደሴ ያሉ መካኒኮች «ይሄ በኮምፒዩተር ነው የሚታየው» አሉኝ። አዲስ አበባ ተወስዶ፣ ከእንጉዳይ የማትበልጥ ዕቃ ከዱባይ እስክትመጣ 26 ቀን ቆመ፤ ሒሳቡም ከሁለት ወር ደሞዜ በላይ ሆነ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ የቤንዚኑም ወጪ በዚያው መጠን ከበደ። ለጁሙዓ ስሄድ ከኹጥባው በፊት የማስበው መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ነበር፤ ለጥበቃ የሚከፈል አለ፤ ልጅ እንዳይጭረው መጠንቀቅ አለ። ቮልሷን ይገፉ የነበሩት ልጆች ይህን ከሩቅ ቆመው ነው የሚያዩት።

ከሁሉም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። በሐይቅ መንገድ ቮልሷን ስነዳ ገበሬው ከሩቅ አይቶ እጁን ያነሳ ነበር፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ዶሮ የያዘው ልጅ ሁሉ ያስቆመኛል፤ ሦስት ሰው ብቻ ብትችልም ሁልጊዜ ሙሉ ነበረች። በትልቁ መኪና በዚያው መንገድ ስሄድ ግን ስድስት ባዶ ወንበር እያለ እጁን የሚያነሳ አልነበረም። እጁን ሊያነሳ ጀምሮ መኪናውን ሲያይ መልሶ የሚያወርደውን ብዙ ሰው አይቻለሁ። እኔ ቆሜ ስጠራው እንኳ እግሩን በሣር ጠርጎ፣ ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ጫፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ቁመት የጨመረ መኪና ከድሃ ያርቃል። ልባችሁ ባይርቅ እንኳ የድሃው ልብ ይርቃል፤ አጅር የሚገባበት በርም ሳይታወቅ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ይገባናል። ዱንያን መተው ማለት ኒዕማን ማንቋሸሽ አይደለም። ኢብኑ ሒባን በዘገቡት ሐዲስ ምቹ መጓጓዣ ከመልካም ሚስት፣ ከሰፊ ቤትና ከመልካም ጎረቤት ጋር ከሰው ልጅ ደስታዎች ተቆጥሯል። አላህ የጸጋው ምልክት በባሪያው ላይ ሲታይ እንደሚወድም መጥቷል። አሥር ቤተሰብ የሚያስተዳድር፣ ገጠር ለገጠር የሚዞር ሰው ትልቅ መኪና ቢይዝ ሐቁ ነው። ደግሞም የድሮ ትናንሽ መኪኖችን እንደ ጀነት ፈረስ አድርጌ ልስልላችሁ አልፈልግም። የእኔዋ ቮልስ የደኅንነት ቀበቶ አልነበራትም፤ በክረምት ውስጧ ይበርዳል፤ በግጭት ጊዜ የዛሬዎቹ ሰውን በተሻለ ይጠብቃሉ። ነፍስን መጠበቅ ደግሞ ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ነው። ናፍቆቴ ለብረቱ አይደለም። የሚናፍቀኝ መኪናዬን የማውቃት፣ የምችላት፣ የማልፈራላትም ሰው መሆኔ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ወንድሜ ጠቅልሎ ተመልሶ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ትልቁን መኪና ወሰደ። የራሱ ነውና አላህ ይባርክለት። እኔ አሁን በእግሬና በባጃጅ ነኝ። እናቴ ግን ከሰማንያ አልፋለች፤ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት መመላለስ አለባት። ስለዚህ ትንሽ መኪና እየፈለግሁ ነው፤ ያልጠበቅሁትም ነገር ገጠመኝ፤ ትንሽ መኪና ርካሽ መሆኗ ቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ተወደደ። የእኔን የምትመስል አንዲት ቮልስ ብጠይቅ፣ እኔ ከገዛሁበት በብዙ እጥፍ ጠሩልኝ።

ወዳጆቼ «በባንክ ውሰድ» ይሉኛል። ወለዱ ሐራም ስለሆነ አይነካም። ከወለድ ነፃ የሆኑት ባንኮች የሚሠሩበት ሙራበሓ፣ ባንኩ ራሱ መኪናውን ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ በጊዜ ገደብ የሚሸጥበት ውል ስለሆነ በሩ ክፍት ነው። ነገር ግን የተፈቀደ ዕዳም ዕዳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም ባለዕዳ ሰው ሲናገር እንደሚዋሽ፣ ቃል ሲገባ እንደሚያፈርስ ነግረውናል። ስለዚህ ዕዳው መድረስ ያለበት እናቴን ሐኪም ቤት እስከሚያደርስ መኪና ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለሰው ዓይን የሚከፈል ነው።

ተስፋዬን ያደረግሁት፣ ይገርማችሁ ይሆናል፣ በአዲሶቹ ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ነው። ካንዴላ የላቸው፣ ካርቡራቶር የላቸው፣ የሞተር ዘይት መቀየር የለባቸው፤ በአሠራራቸው ከቮልስም የቀለሉ ናቸው። ችግሩ ዕውቀታቸው በኮምፒዩተር ውስጥ ተቆልፎ መምጣቱ ነው። ቁልፉን የሚከፍቱልን ልጆቻችን ናቸው። ከመድረሳችን ወጥተው ሥራ ላጡ ወጣቶች የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የባትሪንና የኤሌክትሪክ ሞተርን ሙያ ተማሩ። ያ አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ መካኒክ ለእኔ ያደረገልኝን እናንተ ለሚቀጥለው ትውልድ አድርጉ። ሕዝብ የሚጋልበውን ነገር ራሱ መጠገን ካልቻለ ልጓሙ በሌላ ሰው እጅ ነው።

እስከዚያው መኪና ለመግዛት ለተነሳ ወንድምና እህት ጥቂት ጥያቄዎችን ልተው። መኪናው ቢቆምብኝ እኔ ወይም የሰፈሬ ሰው ያስነሳዋል? ነዳጁና ጥገናው ከዘካዬ፣ ከልጆቼ ትምህርት፣ ከወላጆቼ ሐቅ ይነጥቃል? መንገድ ዳር የቆመ ድሃ ሲያየኝ እጁን ያነሳል ወይስ ያወርዳል? መልሱ ቀና ከሆነ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ቢስሚላህ ብላችሁ ተሳፈሩ።

አላህ የገራልንን በልካችን የምንጠቀም፣ ትርፉን ለሌለው የምናካፍል ያድርገን። መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስ፤ የመጨረሻውን መመለሻችንንም ያሳምርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።