ባቡሩ ካለፈ በኋላ

የእንፋሎት ባቡር መቅረጽ የሚወድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው አንድ ደንብ አለ፤ ባቡሩ ከዓይን በተሰወረ ጊዜ ካሜራውን አታጥፋ የሚል ነው። ጭሱ ገና በአየር ላይ ነው፤ ድምፁም በተራሮች መካከል እየተመላለሰ ነው። ይህን ደንብ የነገሩኝ ናይሮቢ ውስጥ የተዋወቅኋቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። እኔ ግን ትዕግሥት ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝና ለዓመታት ስጥሰው ኖርሁ። ያከበርሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ሳላስበው።

ባቡር መቅረጽ የጀመርሁት በምኖርባት በናይሮቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በተከፈተው የባቡር ሙዚየም ግቢ ውስጥ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ማንቸስተር ላይ ተሠርተው በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ስም ከተሰየሙት ግዙፍ ጋራት ሎኮሞቲቮች የተረፉ አሉ። ክብደታቸው ከ250 ቶን ይበልጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ መንኰራኵሮቻቸውን፣ ዘንጎቻቸውን፣ በጎናቸው የተለጠፈውን የስም ሰሌዳ ቀርጫለሁ። ነገር ግን የቆመ ሎኮሞቲቭ ለፎቶግራፍ እንጂ ለፊልም አይሆንም። እሳቱ ካልነደደ፣ ውኃው ካልፈላ፣ ፒስቶኑ ካልተላወሰ የሚቀረጸው ብረት ብቻ ነው። በተራራ ላይ ሲተነፍስ የሚሰማ ሎኮሞቲቭ ለማየት ስመኝ፣ አእምሮዬ ዘወትር ወደ አስመራ ይሄድ ነበር።

ለእንደኔ ያለ ኢትዮጵያዊ ግን አስመራ ከለንደን ይልቅ ሩቅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1998 የተዘጋው መንገድ እስከ 2018 ድረስ አልተከፈተም። በተከፈተ በዓመቱ፣ ከውጭ የመጡ ጎብኚዎች በክፍያ ካስያዙት የእንፋሎት ባቡር ላይ አንድ ቦታ አገኘሁ። በአዲስ አበባ በኩል ሳልፍ ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ፣ «የጊንዳ መስመር ነው?» ሲል ብቻ ጠየቀ። አዎን አልሁት። ቡናውን ጠጥቶ ተነሣ።

ሐዲዱ ከምጽዋ ተነሥቶ አስመራ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በ118 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የሐዲዱ ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ገደሉን እየታከከ፣ በዋሻና በድልድይ እየተጠማዘዘ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጦርነቱ ሲበረታ አገልግሎቱ ቆመ። የተፋለሙት ወገኖች ሁለቱም ሐዲዱንና ከሥሩ የተነጠፉትን አግዳሚ ብረቶች እየነቀሉ ምሽግ ሠሩባቸው። ከነጻነት በኋላ፣ ከ1994 ጀምሮ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ብረቱን ከየምሽጉ እየለቀሙ መልሰው አነጠፉት። ከእነርሱ መካከል ሰባ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። ባቡሩ ዳግመኛ ከምጽዋ እስከ አስመራ ለመድረስ የበቃው በ2003 ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር የሄድሁት። ሆኖም ዓይኔ ያረፈው በሎኮሞቲቩ ላይ ብቻ ነበር።

ሎኮሞቲቩ እ.ኤ.አ. በ1938 ጄኖቫ በሚገኘው አንሳልዶ ፋብሪካ የተሠራ ማሌት ነው። በአንድ ማሞቂያ ሥር ሁለት የመንኰራኵር ክፍሎች አሉት፤ የፊተኛው ክፍል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚዞር በጠባብ ጥምዝ ላይ ሳይቸገር ያልፋል። ከአስመራ ወደ አርባሮባ በሚወርደው ቁልቁለት ባቡሩን አቁመው እኛን ባለካሜራዎቹን አወረዱን። ከዚያም ወደ ኋላው ሸሽቶ፣ ጭሱን እየተፋ ዳገቱን ሽቅብ በፊታችን እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህ እንግዲህ ለካሜራ ሲባል የሚደረግ ድግግሞሽ መሆኑን ልደብቅ አልሻም።

የማለዳው ብርድ ረድቶናል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱ ወፍሮ ነጭ ደመና ይሠራል። ችግሩ ብርሃኑ ነው። ለጥቁሩ ብረት ሲያስተካክሉት እንፋሎቱ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል፤ ለእንፋሎቱ ሲያስተካክሉት ደግሞ ሎኮሞቲቩ ጥላ ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር ብርሃኑን ሳትሁ። በሁለተኛው ነፋስ ማይክሮፎኑን መታው። ከዙሩ በኋላ ጠጉራቸው የነጣ ነጂ በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ልጄ፣ በቃህ ወይስ እንድገመው?» አሉኝ። እባክዎን አንድ ጊዜ ብቻ አልኋቸው።

ሦስተኛው ዙር የሰመረ ሆነ። ባቡሩ ከጥምዙ ጀርባ እንደ ተሰወረ፣ ደስታ ቢፈነቅለኝ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ እንደ ተከለ ትቼው ነጂውን ላመሰግን በሐዲዱ ዳር ሮጥሁ። ስመለስ አሁንም እየቀረጸ ነበር። ባዶ ሐዲድ፣ አራት ደቂቃ ሙሉ። ማታ በሆቴሌ ሳየው ልሰርዘው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እንቅልፍ ቀደመኝ።

በመልሴ አዲስ አበባ ስደርስ ፊልሙን በቴሌቪዥን ከፍቼ ለአባቴ አሳየሁት። ሎኮሞቲቩን፣ ጭሱን፣ ዋሻውን ሁሉ፣ ሰው በመስኮት ዝናብ እንደሚያይ ሆኖ ተመለከተ። ባዶው ሐዲድ ሲመጣ ላልፈው ብል፣ «ተወው» አለኝ። ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበ። ጣቱን በመስታወቱ ላይ አድርጎ አግዳሚ ብረቶቹን ከታች ወደ ላይ መቍጠር ጀመረ። አሥራ አንድ ላይ ቆመ።

«የእኛ ምሽግ ጣሪያ አሥራ አንድ ነበር» አለ።

አባቴ ወታደር እንደ ነበረ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ከወደቀች በኋላ እስከ ፍጻሜው ድረስ በጊንዳ ግንባር እንደ ነበረም ከእናቴ ሰምቻለሁ። ከራሱ አፍ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሌሊት ሌሊት፣ መድፍ ሲጮኽ፣ በጀርባው ተኝቶ በጨለማ አግዳሚዎቹን በእጁ እየዳሰሰ ይቈጥራቸው ነበር። ቍጥሩ ካልጎደለ ጣሪያው አለ ማለት ነው።

«እነዚያ ይሁኑ ሌሎች ማን ያውቃል» አለ ቀጥሎ። «ማን ነው ከጉድጓዱ መልሶ ያወጣቸው?»

ሽማግሌዎቹ መሆናቸውን ነገርሁት፤ ዘጠኝ ዓመት እንደ ፈጀባቸውም ጨመርሁ።

«እኛ የነቀልነው በሦስት ቀን ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ባቡር ይኑርበት አይኑርበት አልጠየቅንም። ከጥይት የሚያስጥለንን ነበር የምንፈልገው» አለ። ምክንያት ማቅረቡ እንዳልነበረ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። እኔም የማጽናኛ ቃል አልፈለግሁለትም፤ ባገኝም ኖሮ የሚቀበለኝ አይመስለኝም።

ከዚያም ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ። «ጠብቀው ታስረዋል?»

አላውቅም ነበር። ያን ያህል መንገድ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ ባቡር አስደግሜ፣ ባቡሩ የሚሄድበትን ነገር ጎንበስ ብዬ አላየሁም። አፈርሁ። አባቴ ግን ፊልሙን ወደ ኋላ እንድመልሰውና ድምፁን ከፍ እንዳደርገው አዘዘኝ። ባቡሩ ሲያልፍ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የላላ ብረት ይንኳኳል፤ ያን መለየት የባቡር ሠራተኛ መሆንን አይጠይቅም። ሦስቱንም ዙር እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ደኅና ነው» አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ናይሮቢ ተመልሼ ፊልሙን ሳቀናብር፣ ያዩት ወዳጆቼ ሁሉ መጨረሻው ረዘመ፣ ምንም የሌለበት አራት ደቂቃ ምን ይሠራል፣ ቍረጠው አሉኝ። አልቈረጥሁትም። ያን ደንብ የነገሩኝ አዛውንት ብቻ እስከ ፍጻሜው ተቀምጠው አዩት፤ ምክንያቱንም አልጠየቁኝም።