ስፒከሩን ወደ ተራራው ያዞረው ዲጄ

ዲጄው ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ መብራት ወይም ስለ ጠረጴዛ አልነበረም። «እህቴ፣ እዚህ አካባቢ በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ቤት አለ?» አለኝ።

ነበረ። ከአክስቴ ግቢ ቀጥሎ ያሉት እናት ባለቤታቸውን ቀብረው አርባው ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላውም። ሽማግሌዎች አስቀድመው ሄደው አነጋግረዋቸዋል፤ እሳቸውም «የእናንተ ልጅ የእኔም ልጅ ናት፣ ደግሱ» ብለው መርቀዋል። እኔ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዲጄው ግን «ቤታቸው የትኛው ነው? መስኮቱስ በየት በኩል ነው?» እያለ አጥሩን ተከትሎ ሄደ።

ወደ ደሴ የሄድነው ጥር ላይ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ሙሽሪት የደሴ፣ ሙሽራው የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ቤተሰቡ «ፕሮግራሙን አንቺ ምሪው» አለኝ። እኔም መሥሪያ ቤት እንደለመድኩት ሦስት ገጽ ፕሮግራም በደቂቃ ከፋፍዬ፣ አትሜ ይዤ ሄድኩ። የሙሽሮች መግቢያ፣ የኬክ ቆረሳ፣ የፎቶ ሰዓት፣ ሁሉም ቁጥር ነበረው።

ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ልጆች ስለያዝን በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ወረድን። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቅ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጡ ወደ 2,500 ሜትር ይደርሳሉ። ኮምቦልቻ ላይ ያወለቅነውን ሹራብ ደሴ ስንገባ መልሰን ለበስነው። የአክስቴ ቤት ከፒያሳ ሽቅብ፣ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ድንኳኑ የሚይዘው 120 ሰው ብቻ ነበር።

እኔ ስፒከሮቹ መግቢያው ላይ፣ ወደ መንገድ ፊታቸውን አዙረው እንዲቆሙ ፈልጌ ነበር። ሠርግ መሆኑ ይታወቃ! ዲጄው ግን ሁለቱንም ወደ ጎረቤቲቱ ቤት ጀርባ፣ ወደ ጦሳ ፊት አዞራቸው። «የድንኳን ሸራ ድምፅ አያስቀርም፤ በተለይ ቤዙ ሁሉን አልፎ ይሄዳል» አለኝ። ስለዚህ ቤዙን ቀነሰ፣ ስፒከሮቹንም ወደ እንግዳው አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እንግዳው እየሰማ እየተጨዋወተም እንዲበላ ነው። አንደኛው ማቆሚያ በተዳፋቱ ምክንያት ሲያዘነብልበት ዙሪያውን አየና እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ጠየቀኝ። ፕሮግራሜን አራት ቦታ አጥፎ ከእግሩ ሥር ሰካው። «አብሽሪ እህቴ፣ ሥራ ላይ ውሏል» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን ትንሽም ከፍቶኝ ነበር።

ምሳ ሲቀርብ የከፈተው ባቲና አምባሰል ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ሚዜዎች «ይኼ ቀስ ያለ ነው፣ አማፒያኖ አድርግልን» እያሉ ይመላለሱበታል። እሱም በፈገግታ «ይመጣል፣ አብሽሩ» ይላቸዋል። እኛ በቅኝት ስም የምናውቃቸው ባቲና አምባሰል እዚያ የአገር ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው። ከእንግዶቹ መካከል ከሁለቱም አካባቢ የመጡ ነበሩ። የአገራቸው ዜማ ሲሰማ ፊታቸው በራ፤ አንድ አዛውንት ጉርሻቸውን ይዘው ትከሻቸው ተነቀነቀ። ከአራቱ ቅኝቶች ትዝታን ብቻ ቀኑን ሙሉ አልነካትም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ዓይኑን ወደ አጥሩ መለሰ።

ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻም ይሠራል፤ እንግዳው ግን አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የእኛም ቤተሰብ ቅልቅል ነው። አመሻሹ ላይ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዲጄው ማንም ሳይነግረው ሙዚቃውን አቆመ። አዛኑ ሲያበቃ ካቆመበት ቀጠለ። በእኔ ፕሮግራም ላይ ያ ሰዓት «የዳንስ ውድድር» ይል ነበር።

ጨለማው ሳይበረታ ጎረቤቲቱ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ ያዘለች ልጅ አስከትለው፣ ሙሽሪትን ሊመርቁ ከድንኳኑ በር ቆሙ። ሙዚቃው ቀስ እያለ ወርዶ ጠፋ። ሁሉም ብድግ አለ። ጸጥታው ረዘመብኝ፤ የአክስቴም ዓይን እንባ ሞላ። እሳቸው ሙሽሪትን ሳሟት፣ መረቋትና ዞር ብለው «ምነው ዝም አላችሁ? ሠርግ እኮ ነው!» አሉ።

ዲጄው እጁን ወደ ማሽኑ አልሰደደም። ከኋላ አንዲት አሮጊት ከበሮ አነሱ፤ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሏቸው። ያለ ስፒከር፣ ያለ ማይክ፣ በጭብጨባ ብቻ ተዘፈነ። ጎረቤቲቱ ሁለት ሦስቴ አጨበጨቡና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ዲጄው የግቢያቸው በር እስኪዘጋ ጠበቀ። ከዚያ ነው ሚዜዎቹ ሲለምኑት የዋሉትን የለቀቀው፤ እሱም ቢሆን ከድንኳኑ እንዳይርቅ አድርጎ።

ማታ ዕቃውን ሲጠቀልል «ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ በምን ታውቃለህ?» አልኩት። «የማየው እግርና በር ነው» አለኝ። «እግሩ ማን መጨፈር እንደፈለገ ይነግረኛል፤ በሩ ደግሞ ማን እንደመጣ።»

ሠርግ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ዲጄ ስትይዙ ስለ ዋጋና ስለ ዘፈን ዝርዝር ብቻ አትነጋገሩ። ቦታውን ቀድሞ ይየው፤ የጎረቤቶቻችሁን ሁኔታ ንገሩት። እናቶች የሚወዷቸውን ሁለት ሦስት ዘፈኖች ስጡት። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ የማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓትም እንደሚዘጋ ተስማሙ። ትእዛዝ የሚሰጠው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

በማግስቱ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ፣ ሙሽራው ቤት ነበርን። እዚያ ሰፈር ሐዘን አልነበረም። ዲጄው ስፒከሮቹን ወደ መንገዱ አዞረ፣ ቤዙንም ከፍ አደረገ። መንገደኛው ቆሞ አየ፤ ሕፃናት ከየግቢው ወጡ። ያን ቀን እኔም ፕሮግራም አልያዝኩም፤ ገብቼ ጨፈርኩ።