በሪፖርቱ ሽፋን ላይ የሰፈረ ስም

በሙያ ጎልቶ መታየት እንደ ግል ድፍረት ብቻ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሃምፕተን ከተማ በሚገኘው የላንግሊ የበረራ ምርምር ማዕከል የሠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ታሪክ ግን ድፍረት የመሥሪያ ቤት ልማድ ካልተፈታ የትም እንደማይደርስ ያሳያል። በሩ ራሱ የተከፈተው የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አስተዳደር በ1941 (እንደ ጎርጎርሮሳውያን አቆጣጠር) በመከላከያ ኢንዱስትሪ የዘር አድልዎን በትእዛዝ ከከለከለ በኋላ ነበር። ማዕከሉ ከ1943 ጀምሮ ጥቁር ሴቶችን «ኮምፒውተር» በሚባል መደብ፣ ማለትም የመሐንዲሶችን ቀመር በእጅና በስሌት መኪና የሚያሰሉ ባለሙያዎች አድርጎ ቀጠረ። በምግብ አዳራሹ ጠረጴዛቸው የጥቁሮች መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይቀመጥ ስለነበር፣ ከመካከላቸው ሚሪያም ማን የተባለችው ምልክቱን እያነሣች በቦርሳዋ ትከት ነበር፤ ሲተካ ደግማ ታነሣለች፤ በመጨረሻ መተካቱ ቀረ።

በ1953 የተቀጠረችው የሒሳብ ባለሙያ ካትሪን ጆንሰን መሐንዲሶች ሥራቸውን የሚገመግሙበትን ስብሰባ ለመካፈል ስትጠይቅ ሴቶች እንደማይገቡ ተነገራት፤ እርሷም የሚከለክል ሕግ አለ ወይ ብላ መልሳ ጠየቀች። ጥያቄው ለስለስ ያለ ቢመስልም ልማድ ከሕግ ተለይቶ እንዲታይ የሚያስገድድ ስለነበር ውሎ አድሮ ወደ ስብሰባው ገባች። በ1960 ከቴድ ስኮፒንስኪ ጋር ያዘጋጀችው፣ ማረፊያው አስቀድሞ ለተወሰነ የምሕዋር በረራ (ምድርን ለሚዞር በረራ ማለት ነው) የሚያስፈልጉ ቀመሮችን የያዘው ሪፖርት በምትሠራበት ክፍል የሴት ስም በጸሐፊነት የሰፈረበት የመጀመሪያው ሆነ። ስም የሌለው ስሌት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በእርሱ ግን ዕድገት አይጠየቅም፣ ሌላ ተመራማሪም ሠሪዋን ፈልጎ ሊያማክራት አይችልም።

ስለ ካትሪን በብዛት የሚወራው ግን ጠፈርተኛው ጆን ግሌን በ1962 ከመብረሩ በፊት የኤሌክትሮኒክስ ኮምፒውተሩን ውጤት እርሷ በስሌት መኪናዋ እንድታረጋግጥ መጠየቁ ነው። ታሪኩ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ የጠራት በስሟ ሳይሆን «ልጅቷ» ብሎ ስለነበር ከሪፖርቱ ሽፋን ጋር በእኩል ሊታይ አይገባም።

የሥራ ባልደረባዋ ሜሪ ጃክሰን ደግሞ ለነጮች ብቻ በተከለለ ትምህርት ቤት በማታ ለመማር ከከተማው ፈቃድ አስወጥታ፣ በ1958 ማዕከሉን በሚያስተዳድረው የጠፈር ተቋም በናሳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሐንዲስ ሆነች። ከዓመታት በኋላ የዕድገት መንገዷ ሲዘጋ፣ በ1979 ከደረጃዋ ዝቅ ብላ የሴቶችን ቅጥርና ዕድገት ወደሚከታተለው ኃላፊነት ተዛወረች።